ዝርዝር ማሳየት ያለቀ ጉዳይ ነው ያለው ማን ነው?

አፕ መሥራት የሚማር ሰው ሁሉ ገና ከጅምሩ ዝርዝር ይሠራል። አሥር ስም ይጽፋል፣ ከጎናቸው ክብ ፎቶ ያስቀምጣል፣ በጣቱ ወደ ላይ ወደ ታች ያንሸራትታል። ይሠራል። ያምራልም። ከዚያ በኋላ ስለ ዝርዝር ማሰብ ያቆምና «ከባድ» ወደሚባለው ነገር ያልፋል፦ ሎግኢን፣ ክፍያ፣ ካርታ።

እኔ ግን ከባዱ ዝርዝሩ ነው ባይ ነኝ። ስልካችሁን ክፈቱና ተመልከቱ። መልእክት ዝርዝር ነው። ኢሜይል ዝርዝር ነው። የባንክ እንቅስቃሴ፣ የስልክ ቁጥር ማውጫ፣ ሙዚቃ፣ ማሳወቂያ፣ ሴቲንግ ሳይቀር ረድፍ በረድፍ የተደረደረ ዳታ ነው። ሰው «ይሄ አፕ ይንቀራፈፋል» ወይም «ይሄ አፕ ግራ ያጋባል» ሲል፣ በስሙ አይጥራው እንጂ፣ ብዙ ጊዜ የሚያማርረው አንድ በደንብ ያልታሰበበት ዝርዝር ነው።

አሁን አሁን ነገሩን ይበልጥ አሳሳች ያደረገው የአፕ መሥሪያ መሣሪያዎቹ መቅለል ነው። በጄትፓክ ኮምፖዝ ብትሠሩ፣ በስዊፍትዩአይ፣ በፍለተር ወይም በሪአክት ኔቲቭ፣ አንድ ዝርዝር ስክሪን ላይ ለማውጣት ጥቂት መስመር ኮድ ይበቃል። እሱንም ኤአይ በአንዴ ይጽፍላችኋል። የሚጽፍላችሁ ግን ለእነዚያ አሥር ስሞች ነው። እውነተኛ ዳታ አሥር ብቻ አይሆንም፣ ሁሉም ስም አጭር አይደለም፣ ሁሉም ሰው ፎቶ የለውም፣ ደግሞም እያያችሁት ይቀየራል። ዝርዝር የሚፈተነው እዚያ ላይ ነው፦ ዳታው ሲቀየር፣ ሲጎድልና ሲዘገይ። አዲስ መሣሪያ በመጣ ቁጥር ችግሩ ጠፋ እንላለን፤ እሱ ግን ቦታ ነው የሚቀይረው።

ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። የመጀመሪያው አይፎን ራም 128 ሜጋባይት ብቻ ነበር። እንዲህ ባለ ስልክ ላይ ብዙ ሺህ ረድፍ ሠርቶ ሜሞሪ ውስጥ መደርደር የማይታሰብ ነው። ስለዚህ አፕልም ጎግልም ወደ አንድ ዓይነት ዘዴ መጡ፤ አፕል ዩአይቴብልቪው፣ ጎግል ሊስትቪው በሚባሉት የዝርዝር መሥሪያዎቻቸው። ዝርዝሩ አሥር ሺህ ይሁን መቶ ሺህ፣ በአንድ ጊዜ ስክሪን ላይ የሚታየው ስምንት ወይም አሥር ረድፍ ነው። እንግዲያው የሚሠራውም ከዚያ እምብዛም አይበልጥም። ተጠቃሚው ሲያንሸራትት ከላይ የወጣው ረድፍ አይጣልም፤ ዞሮ ከታች ይመጣል፣ ሌላ ስምና ሌላ ፎቶ ይለጠፍበታል። አሥራ ሁለት ሳህን ይዞ መቶ እንግዳ እንደማስተናገድ ነው። ይቻላል፣ ሳህኑ በየመሀሉ እስከታጠበ ድረስ።

ሳይታጠብ ሲቀርስ? ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቼክ ቦክስ ትነካላችሁ። ወደ ታች ስትወርዱ አሥራ አምስተኛውም ላይ ምልክት አለ። ማንም አልነካውም፤ የድሮው ምልክት ሳይጠፋለት ተመልሶ የመጣው ያው ረድፍ ነው። ኮዱ ውስጥ «ከተመረጠ ምልክት አድርግ» ተብሏል፣ «ካልተመረጠ ምልክቱን አንሳ» ግን አልተባለም። የፎቶው ደግሞ ይብሳል። ረድፉ የአንድን ሰው ፎቶ ከሰርቨር ይጠይቃል፣ ፎቶው ሳይደርስ ተጠቃሚው ያንሸራትታል፣ ያ ረድፍ አሁን የሌላ ሰው ስም ይዟል፣ ከዚያ የዘገየው ፎቶ ይመጣና ከማይመለከተው ስም አጠገብ ቁጭ ይላል። ኔትወርኩ ፈጣን በሆነበት ቢሮ ይህን ማየት ከባድ ነው። የሚያየው ደካማ ኔትወርክ ላይ ያለው ተጠቃሚ ነው፤ እሱም ስክሪንሾት አንስቶ ሲልክ «እኛ ጋ ይሠራል» ይባላል። በአንድሮይድ በኩል ግላይድና ኮይል፣ በአይፎን በኩል ኪንግፊሸር የሚባሉት ላይብረሪዎች (ሌላ ሰው ጽፎ ያዘጋጃቸው ኮዶች) የተወደዱት በከንቱ አይደለም። ረድፉ ባለቤት ሲቀይር የድሮው ጥያቄ ውጤት አዲሱ ላይ እንዳይለጠፍ እነሱ ይጠብቃሉ።

ሊስትቪው ላይ ረድፍን መልሶ መጠቀም ለዴቨሎፐሩ ፈቃድ የተተወ ነበር፣ ብዙ ሰውም ይዘለው ነበር። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2014 ከአንድሮይድ 5 ጋር ሪሳይክለርቪው የተባለውን ተተኪ ሲያመጣ ነው ግዴታ የሆነው። ከዚያ ደግሞ አዲሱ ትውልድ መጣ። ስዊፍትዩአይ በ2019 ተዋወቀ፣ ጄትፓክ ኮምፖዝ 1.0 በ2021 ወጣ። እነዚህ ላይ የድሮ ምልክት ስለማጥፋት አትጨነቁም፤ ዳታው ይሄ ነው ትሏቸዋላችሁ፣ ቀሪውን ራሳቸው ይጨርሱታል።

በጣም ጥሩ። ግን በምትኩ አንድ ጥያቄ ይጠይቋችኋል፣ ብዙ ሰው ሳይመልሰው የሚያልፈው፦ ይህ ረድፍ ማን ነው? ዝርዝሩ ሲቀየር፣ አሁን ሦስተኛ ላይ ያለው ቅድም ሦስተኛ የነበረው ነው ወይስ ሌላ? ዝም ካላችሁ ኮምፖዝ በተራ ቁጥሩ ይለየዋል። እዚያ ውስጥ ሌዚኮለም የሚባለው የዝርዝር መሥሪያ፣ መለያ ካልተሰጠው፣ የየረድፉን ሁኔታ የሚያስታውሰው በቦታው ነው። ከላይ አንድ አዲስ ነገር ሲገባ ሁሉም በአንድ ደረጃ ይወርዳል። ታዲያ ተዘርግቶ የነበረው ይታጠፋል፣ ጎረቤቱ ሳይነካ ይዘረጋል፣ ግማሽ የተጻፈ ጽሑፍ ሌላ ረድፍ ውስጥ ይገኛል። አሥራ አምስተኛው ላይ ያያችሁት ቼክ ቦክስ ታስታውሳላችሁ አይደል? ያው ነው፣ ልብስ ቀይሮ መጥቶ።

ተቃራኒውም አለ። ስዊፍትዩአይ አይዲ (መለያ) ስጡኝ ሲል አንዳንዱ ሰው ኮዱን የሚፈትሸውን ኮምፓይለር ዝም ለማሰኘት ያህል በተጠየቀ ቁጥር አዲስ አይዲ የሚያመነጭ ኮድ ይጽፍለታል። ኮዱ ይሠራል፣ የስህተቱ ቀይ መስመር ይጠፋል። ሲስተሙ ግን ዳታው በተነካ ቁጥር «የድሮዎቹ ሁሉ ሄዱ፣ አዲሶች መጡ» ብሎ ያስባል። አኒሜሽኑ ይበላሻል፣ ረድፎቹ ብልጭ ድርግም ይላሉ፣ ምንም ያልተቀየረው ሁሉ እንደገና ይሣላል። መፍትሔው አሰልቺ ነው፦ አይዲው ከዳታው ራሱ ይምጣ። ሰርቨሩ የሰጠው ቁጥር ይሁን የግብይቱ መለያ፣ ያ ነገር እስካለ ድረስ የማይቀየር መሆን አለበት። ሰርቨሩ አይዲ የማይልክ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የዲዛይን ሳይሆን የሰርቨሩ ስለሆነ ሄዳችሁ ጠይቁ። ይህን ጥያቄ ቀድሞ የሚጠይቅ ሰው ያለበት ቡድን ብዙ ጣጣ ይቀርለታል።

ስለ ፍጥነት ብዙ ስለሚባል አላበዛም። ስክሪኑ በሰከንድ 60 ጊዜ የሚታደስ ከሆነ አንዱን ፍሬም ለመሣል ያላችሁ ጊዜ 16.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። 120 ጊዜ በሚታደስ ስክሪን ላይ ወደ 8.3 ይወርዳል። ስለዚህ አዲስና ውድ ስልክ ሁልጊዜ ሥራ ያቀልላል ማለት አይደለም፤ ቀነ ገደቡን ያሳጥረዋል። ረድፍ ውስጥ ቀን የሚቀርጽ ኮድ፣ ዋጋ የሚያሰላ፣ ይባስ ብሎ ዝርዝሩን በሙሉ እንደገና የሚደረድር ኮድ ካለ ያቺ ጊዜ አትበቃም፣ ስክሮሉም ይንተፋተፋል። ይህን ሁሉ ዳታው ሲመጣ አንድ ጊዜ ሠርቶ መጨረስ ነው። ረድፉ ተዘጋጅቶ የመጣለትን ጽሑፍ ይለጥፍ፣ ሌላ ምንም አይሥራ።

ፎቶ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ ምክንያቱም ስሌቱን የሚሠራ ሰው ጥቂት ነው። 4000 በ3000 ፒክስል የሆነ ፎቶ፣ ማለትም የተለመደ ባለ 12 ሜጋፒክስል የስልክ ፎቶ፣ ፋይሉ ጥቂት ሜጋባይት ሊሆን ይችላል። ስክሪን ላይ ለመውጣት ሲፈታ ግን እያንዳንዱ ፒክስል 4 ባይት ይይዛል፣ ድምሩ 48 ሚሊዮን ባይት ነው። አሥር ረድፍ ላይ አሥር እንዲህ ያለ ፎቶ ሲሆን 480 ሜጋባይት። ይሄ ሁሉ 200 በ200 ለሆነች ካሬ! በልኳ ተቀንሳ ብትመጣ ኖሮ 160 ኪሎባይት ነበረች፣ ሦስት መቶ ጊዜ ያነሰች። አፑ በስክሮል መሀል ድንገት ሲዘጋ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ይሄ ነው። የተጠቃሚውንም የኢንተርኔት ፓኬጅ በከንቱ ይበላል። ሰርቨሩ ትንሹን ፎቶ ማቅረብ ከቻለ ትንሹን ጠይቁት፤ ካልቻለ ቢያንስ ስልኩ ላይ ሲፈታ በልኩ ይፈታ። ሌላው ደግሞ የፎቶውን ቦታ ቀድሞ መያዝ ነው። ቁመቱ ሳይታወቅ ባዶ የተተወ ረድፍ ፎቶው ሲደርስ ይነፋል፣ ከሥሩ ያለውን ሁሉ ይገፋል፣ ተጠቃሚውም ሊነካ ያሰበውን ትቶ ሌላ ይነካል።

አንድ ጥቃቅን የምትመስል ግን ስንቱን ያሰቃየች ነገር ላንሳ። ዲዛይነሩ ከዝርዝሩ በላይ ትልቅ ባነር ያስቀምጣል፣ አብሮ ስክሮል እንዲያደርግም ይፈልጋል። ዴቨሎፐሩ ደግሞ ዝርዝሩን ሌላ ስክሮል የሚያደርግ ሳጥን ውስጥ ይከተዋል። አሁን ውጪኛው ሳጥን «የፈለግከውን ያህል ርዘም» ስለሚለው ዝርዝሩ የሚታየውንና የማይታየውን መለየት ያቅተዋል። ኮምፖዝ ላይ አፑ በቀጥታ ይወድቃል፣ ሪአክት ኔቲቭ ያስጠነቅቃል። ፍለተርም ስህተት ያሳያል፣ ግን ሽሪንክራፕ የምትባለዋን ቅንብር «ትሩ» (አዎ) ስታደርጓት ዝም ይላል። ዝም ማለቱ ነው ክፉው፤ ሺህ ረድፍ ካለ ሺሁንም በአንዴ ለክቶ ሠርቶ ቁጭ ይላል። መፍትሔው ቀላል ነው። ባነሩን ራሱን የዝርዝሩ የመጀመሪያ ረድፍ አድርጉት።

አሁን ወደ ሰርቨሩ እንሂድ፣ ምክንያቱም የዝርዝር ትልቁ ጣጣ ያለው ስልኩና ሰርቨሩ የሚነጋገሩበት ቦታ ላይ ነው። አሥር ሺህ ነገር በአንዴ አይላክም፣ በገጽ ተከፋፍሎ ነው የሚላከው። የተለመደው መንገድ «የመጀመሪያዎቹን 20 ዝለልና ቀጣዮቹን 20 ስጠኝ» ማለት ነው፣ ኦፍሴት የሚባለው። ለመጻፍ ቀላል ነው፣ ስለዚህ በየቦታው አለ። ዳታው ካልተንቀሳቀሰ ምንም አይልም።

ሲንቀሳቀስስ? ዝርዝሩ አዲሱን ከላይ የሚያስቀምጥ ነው እንበል። ተጠቃሚው ከ1 እስከ 20 ያለውን አይቷል። እሱ ሲያነብ ከላይ ሦስት አዲስ ገቡ። ቀጣዩን ገጽ ሲጠይቅ ሰርቨሩ 20 ይዘላል፤ ከእነሱ መሀል ሦስቱ አዲሶቹ ናቸው፣ ስለዚህ የሚጀምረው ቀድሞ 18ኛ ከነበረው ነው። 18፣ 19 እና 20 ተደገሙ ማለት ነው። መደገሙስ ቢያንስ ይታያል። ሦስት ተሰርዘው ቢሆን ኖሮ 21፣ 22 እና 23 ወደ ላይ ይሳቡና ይዘለላሉ፣ ተጠቃሚውም መኖራቸውን ሳያውቅ ያልፋል። የዜና ገጽ ላይ ሲሆን ማንም አይሞትም። ያልተከፈለ ደረሰኝ ወይም የታካሚ ዝርዝር ሲሆን ግን ይህ ከባድ ስህተት ነው፤ ስክሪኑም ላይ ምንም ቀይ ነገር አይታይም።

የተሻለው መንገድ «ከዚህ በኋላ ያሉትን 20 ስጠኝ» ማለት ነው፣ ከርሰር የሚሉት። መጨረሻ ያየሁት ይሄ ነው ብሎ ከዚያ መቀጠል። ከላይ መቶ ቢገባ አይነካውም። ለዳታቤዙም ይቀላል፤ ኦፍሴት 50,000 ሲባል ዳታቤዙ በአብዛኛው ሃምሳ ሺውን አንብቦ መጣል አለበት፣ ከርሰር ግን ኢንዴክስ (የዳታው ማውጫ) ካለ ቦታው ላይ በቀጥታ ያርፋል። እዚህም ላይ የተለመደች ወጥመድ አለች። ከርሰሩ ሰዓት ብቻ ከሆነ፣ በአንድ ሰከንድ የተመዘገቡ ሁለት ነገሮች ገጹ የሚቆረጥበት ቦታ ላይ ሲገናኙ አንዱ ይጠፋል። ሰዓቱና አይዲው አብረው ይሁኑ። የከርሰር ድክመቱ «ገጽ 37 አሳየኝ» ማለት አለመቻሉ ነው። ስልክ ላይ ግን ገጽ 37ን የሚፈልግ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

እግረ መንገዴን፣ መጨረሻ ስለሌለው ስክሮል አንድ ነገር ልበል። ሐሳቡን አዛ ራስኪን የተባለው ዲዛይነር በ2006 እንደፈጠረው ይነገራል፤ በኋላም ራሱ በይፋ ተጸጽቶበታል፣ ሰውን ስልኩ ላይ አላግባብ ያስቀራል ብሎ። እኔ የማነሳው ከሥነ ምግባሩ ይልቅ ተግባሩን ነው። ሰው ዝም ብሎ ሊዝናና የገባበት ቦታ ላይ ይሄዳል። የተወሰነ ነገር ሊፈልግ በገባበት ቦታ ላይ ግን ያስመርራል። የት ደረስኩ፣ ስንት ቀረኝ፣ ያየሁት የቱ ጋ ነበር፣ አንዱም መልስ የለውም። አንዱን ረድፍ ነክቶ ውስጡን አይቶ ሲመለስ ደግሞ ከላይ ይጀምራል፣ ያ ሁሉ ማንሸራተት ከንቱ። ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህችን አስተካክሉ፦ ተጠቃሚው ወደ ኋላ ሲመለስ ትቶት የሄደው ቦታ ላይ ያግኘው። ከዚያ ውጪ «ተጨማሪ አሳይ» የምትል ቁልፍ ያረጀች ትመስላለች እንጂ ለሥራ አፕ ብዙ ጊዜ የምትሻለው እሷ ናት።

ማደስም እንዲሁ ነው። ወደ ታች ስቦ መልቀቅ የሚባለው እንቅስቃሴ የመጣው ሎረን ብሪክተር ከሠራው ትዊቲ ከተባለ አፕ ነው። አፑን ትዊተር በ2010 ገዛው፣ አፕል ደግሞ እንቅስቃሴውን በ2012 በአይኦኤስ 6 ውስጥ ለሁሉም አፕ እንዲሆን አስገባው። ጥሩ የሚያደርገው ለውጡ በተጠቃሚው ፈቃድ መምጣቱ ነው። ዝርዝሩ ከሥሩ ራሱን ሲያድስ ግን፣ እያነበበ ያለው ወደ ታች ይዘላል፣ ጣቱን ሲያሳርፍ ሌላ ነገር ተነክቷል። የነካው «ላክ» ወይም «አጥፋ» ከሆነ ደግሞ አስቡት። አዲስ ነገር ሲመጣ ከላይ «5 አዲስ» የምትል ትንሽ ምልክት አሳዩና ዝርዝሩን አትንኩት። ሲፈልግ ይነካታል።

ከሁሉ በላይ የማዝንበት ግን ባዶ ዝርዝር ነው። ብዙ አፕ ላይ ባዶ ስክሪን አንድ ብቻ ነው ያለው፣ ባዶ የሚኮንበት ምክንያት ግን ቢያንስ ሦስት ነው። እስካሁን ምንም ስላልተፈጠረ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የሚያስፈልገው «የመጀመሪያውን ጨምር» የሚል ቁልፍ ነው። ማጣሪያው ስለጠበበ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የትኛው ማጣሪያ እንደበራ ማሳየትና ማጥፊያውን አጠገቡ ማስቀመጥ። ወይ ደግሞ ኔትወርኩ ስለተቋረጠ ሰርቨሩ ምንም አልመለሰም። ይሄኛው ስህተት ነው እንጂ ባዶ አይደለም! ሆኖም አንዳንድ ኮድ ስህተቱን ይውጥና ባዶ ዝርዝር ይመልሳል፣ ስክሪኑም ተረጋግቶ «ምንም ግብይት የለም» ይላል። ገንዘቡን የት እንደገባ ሊያይ የከፈተ ሰው ይህን ሲያነብ ምን ሊሰማው እንደሚችል መገመት አይከብድም። «አልቻልንም፣ እንደገና ሞክር» እና «የለም» በፍጹም አንድ ስክሪን ሊጋሩ አይገባም።

ሲዘገይስ? አንዲት ክብ መሀል ስክሪን ላይ መሽከርከሯ የተለመደ ነው። ከ2013 ወዲህ ደግሞ ዲዛይነሩ ሉክ ሮብለውስኪ ያስተዋወቃቸው አፅም ስክሪኖች ተስፋፍተዋል፣ ጽሑፉ በሚመጣበት ቦታ ግራጫ ሰሌዳዎች የሚታዩበት። የሚመጣው ረድፍ በእውነት ያንን ቅርጽ ካለው ይረዳሉ፤ ካልሆነ ጌጥ ናቸው። ከሁለቱም የሚሻለው ግን ከዚህ በፊት ያመጣችሁትን ስልኩ ላይ አስቀምጦ ወዲያው ማሳየት ነው። ኤስኪውላይት የሚባለው ትንሽ ዳታቤዝ አንድሮይድም አይፎንም ላይ አለ። የትናንቱን ዝርዝር አሳዩ፣ «መጨረሻ የታደሰው» የሚል ሰዓት ከላይ ጻፉ፣ ከዚያ አዲሱን አምጡ። ትንሽ ያረጀ ዝርዝር ከባዶ ስክሪን በብዙ ይሻላል። ጥንቃቄ የሚፈልገው ቀሪ ሂሳብን የመሰለ፣ ማርጀቱ ውሳኔ የሚያሳስት ቁጥር ሲሆን ብቻ ነው።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ማሽኑ ነው። ረድፉ ውስጥ ምን ይግባ የሚለው ግን የሰው ጥያቄ ነው፣ ብዙ የሥራ አፕም የሚወድቀው እዚያ ላይ ነው። ኮምፒውተር ላይ ስምንት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ አለ፣ ትእዛዙ «ይሄን ስልክ ላይ አድርጉት» ነው። ቡድኑም ስምንቱንም አሳንሶ ይጨምቃል፣ ወይ ወደ ጎን እንዲንሸራተት ያደርገዋል። ወደ ጎን ሲሄድ ስሙ ይጠፋል፣ ወደ ስሙ ሲመለስ ቁጥሩ ይጠፋል፣ ተጠቃሚው አንድ ረድፍ ለማንበብ ሦስቴ ይመላለሳል። መጠየቅ ያለበት «ስምንቱን እንዴት እናስገባ» አይደለም። ሰውየው ይህን ዝርዝር የሚከፍተው ምን ሊወስን ነው? ለመደወል ከሆነ ስምና ሁኔታ ይበቃዋል። ሂሳብ ለማስታረቅ ከሆነ ቀን፣ መጠንና መለያ ያስፈልገዋል። ሁለት ወይም ሦስት ነገር ምረጡ፣ የቀረው ረድፉ ሲነካ በሚከፈተው ገጽ ላይ ይሁን።

ከዚያ በኋላ ያለው ጥቃቅን ጉዳይ ነው፣ ግን ይታያል። ቁጥሮች በቀኝ በኩል ይሰለፉ፣ ዓይን በአንዴ ወርዶ እንዲያወዳድራቸው። ረጅም የፋይል ስም ከመጨረሻው ሳይሆን ከመሀሉ ይቆረጥ፣ ብዙ ጊዜ ልዩነቱ ያለው መጨረሻው ላይ ስለሆነ። «ከ3 ቀን በፊት» ለወሬ ጥሩ ነው፣ ለክፍያ ግን ቀኑ ራሱ ይጻፍ። ሁኔታን በቀለም ብቻ አትግለጹ፣ ቀይና አረንጓዴ የማይለይ ሰው ብዙ ነው። ረድፉ ላይ ሦስት አራት ቁልፍ አትሰብስቡ፤ አፕል ለአንድ የሚነካ ነገር ቢያንስ 44 ፖይንት በ44፣ ጎግል 48 ዲፒ በ48 ይላሉ (ሁለቱም የስክሪን መለኪያዎች ናቸው)፣ የሰው ጣት ስንት እንደሆነ አይተው ነው። ወደ ጎን ስቦ ማጥፋት ፈጣን ነው፣ ግን የተደበቀ ነው፤ ሌላ መንገድ ከጎኑ ይኑር። «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ከመጠየቅ ደግሞ አጥፍቶ ለጥቂት ሰከንድ «ወደነበረበት መልስ» የሚል ቁልፍ ማሳየት ይሻላል፣ ምክንያቱም ሰው «እርግጠኛ ነህ?»ን ሳያነብ ነው የሚጫነው።

ማየት የተሳናቸው ሰዎች ዝርዝሩን የሚያነቡት ስክሪኑን በድምፅ በሚያነቡት በቶክባክ ወይም በቮይስኦቨር ነው፣ ጣታቸውን ባንሸራተቱ ቁጥር ወደ ቀጣዩ ነገር እየዘለሉ። ረድፉ ውስጥ ፎቶ፣ ስም፣ ቀን፣ መጠንና ቁልፍ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ከተነበቡ፣ ሃያ ረድፍ ለማለፍ መቶ ጊዜ ማንሸራተት ያስፈልጋል። ረድፉን እንደ አንድ ነገር አዋህዱትና በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነበብ፤ ሃያ ይሆናል። ኮምፖዝም ስዊፍትዩአይም ላይ አጭር ሥራ ነው፣ ባለመሠራቱ ምክንያት ማቅረብ ይከብዳል።

ፍለጋ ላይ ደግሞ አንድ የማያልቅ ባግ (የኮድ ስህተት) አለ። ስልኩ የጫነው የመጀመሪያዎቹን 40 ረድፍ ነው፣ የፍለጋው ሳጥን የሚፈልገውም እነዚያው ውስጥ ነው። ሰውየው የሚፈልገው ስም 300ኛው ላይ አለ። አፑ «አልተገኘም» ይለዋል፣ እሱም ያምናል፣ ሄዶ እንደገና ይመዘግበዋል። አሁን አንድ ሰው ሁለት ጊዜ አለ። በገጽ የሚመጣ ዝርዝር ፍለጋው፣ ማጣሪያውና አደራደሩ ሦስቱም ሰርቨሩ ላይ መሆን አለባቸው፣ ግማሽ በግማሽ አይሠራም። በግዕዝ ፊደል የሚጻፍ ስም ካለበት ደግሞ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። አንዱ በሠ የመዘገበውን ሌላው በሰ ሲፈልግ አያገኘውም። ከመፈለግ በፊት ሁለቱንም ወገን ወደ አንድ ቅርጽ ማምጣት ጥቂት መስመር ኮድ ነው፣ ስሙ ሲታይ ግን ባለቤቱ እንደጻፈው ይሁን።

እንግዲህ ዝርዝር ስትሠሩ የሙከራ ዳታችሁን ሆን ብላችሁ አበላሹት። ስድስት ቃል ያለው ስም ጨምሩ። ፎቶ የሌለው፣ መጠኑ ዜሮ የሆነ፣ ቀኑ የጎደለ ረድፍ ይኑር። ዝርዝሩን በዜሮ ረድፍ እዩት፣ ከዚያ በአንድ፣ ከዚያ በአምስት ሺህ። የስልኩን የጽሑፍ መጠን እስከ መጨረሻው አሳድጉና ረድፉ ይቆረጥ እንደሆነ ተመልከቱ። እጃችሁ ላይ ባለው ደካማ ስልክ ላይ ጫኑት፣ ፈጣኑን ለኋላ አቆዩት። እያንሸራተታችሁ መሀል ላይ ኤርፕሌን ሞድ አብሩ፣ ትንሽ ቆይታችሁ አጥፉት፣ ዝርዝሩ ካቆመበት ይቀጥል እንደሆነ እዩ። አንዱን ረድፍ ክፍት አድርጋችሁ ደግሞ በሌላ ስልክ ያንኑ ሰርዙት፣ ከዚያ ወደ ኋላ ተመለሱ።